ከጠርዙ ወዲያ

ደብዳቤ መጣልን ከኩኦፒዮ፣ ታምፔሬ ድረስ፣
በረዶው ከቢሯችን ጣሪያ ላይ ሲፈርስ።
«የካርታዬ መስመር አልለቅ አለ፣
እኔ ብለቀውም ይኸው ተከተለ፤
ደሴቷን ሰንጥቆ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣
ይመጣል ከኋላ እንደ ውሻ ሮጦ።
ሰባ አንድ ሞልቶኛል፤ እጄ ይሆን?» ትላለች፣
«ራውኒ ሃካራይነን» ብላ ፈርማለች።

መለስኩላት እኔ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ፦
«እጅሽን አሳርፊ፤ ፕሮግራሙን አይቻለሁ፣
እዚህ እኛ ዘንድ ግን እንከን የለውም።»
እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ እንከን የለውም፦
በእኔም ሊኑክስ ላይ፣ በቱሬም ሊኑክስ ላይ
መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ጣት ሲነሣ ሲያይ።
«እርጅና ነው» ብሎ ቱሬ የሳቀውን እኔም ሳቅሁት፤
ምን እንደ ሳቅሁ ግን ኋላ ነው ያወቅሁት።

ሦስተኛው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፦
«ሐኪም ክኒን ሰጠኝ፣ እጄ እንዲጠነክር።
መስመሩ ግን ያው ነው።»
በባቡር ሄድኩኝ፣
ጥዱ ነጭ ለብሶ እየሮጠ ሲያልፈኝ።

ክፍሏ ጠባብ ነች፤ ግድግዳዋ ሙሉ
የሐይቅ ወለሎች፣ በቁጥር የተሞሉ፦
አራት ሜትር፣ አሥራ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት፣
ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር የነደፈችለት።
ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ ተቀመጠች፤
«ይቅርታ» አለችኝ። ምን አድርጋ ነች?
«ንደፊ፣ ልየው» አልኳት። ማውሱን ያዘች፣
የሐይቁን ዳር ይዛ በዝግታ ተጓዘች።
አልተንቀጠቀጠም። ጸጥ ያለ እጅ ነበር፣
የመርፌ ዐይን የሚያገኝ በጨለማ ቢሞከር።

ዳርቻው ሲረዝም ከመስኮቱ ወጣች፤
እዚያው፣ ከጠርዙ ወዲያ፣ ጣቷን አነሣች።
ስትመለስ መስመሩ ተከትሏት መጣ፣
ጣቷ ሳይነካው፣ ደሴቷን ሰንጥቆ ወጣ።

ያኔ ገባኝ።
ሊኑክስ ላይ የተጫኑት መስኮት ጣት እስኪነሣ
ማውሱን አይለቅም፤ ከደጁ ቢወጣም አይረሳ።
ዊንዶውስ ሌላ አገር ነው፣ ሌላም ደንብ አለው፦
«ያዝልኝ» ካላሉት፣ የወጣ ባዳ ነው።
መልቀቋን የሰማው ጎረቤት መስኮት ነበር፣
ምን እንደ ተለቀቀ የማያውቀው ነገር።
(የማክን አላነሣም፦ ከወለል ወደ ላይ ነው የሚለካው፣
ሌላው ከጣሪያ ሲቆጥር፤
ሳምንት ሙሉ ጥዶቻችን በሥራቸው
ሰማይ ሲቧጥጡ ከረሙ።)

አይጧ በልታ ኖሮ ዳዋው ተመታ፤
ራውኒ ክኒን ዋጠች በእኛ ስንፍና ፈንታ።

«ታዲያ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ስለቅ ማንም አልሰማም?»
«ከጠርዙ ወዲያ የለቀቁት፣ አስቀድመው ካልነገሩት፣ አይሰማም።»
ይህን ያህል ብቻ ነው የመለስኩላት።
ክኒኑን አነሣች፣ ጠርሙሱን አየችው፣
መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሁለት መስመር ጻፍኩኝ እዚያው ወንበሯ ላይ፦
ሲጫኑ «ያዝ»፣ ሲያነሡ «ልቀቅ»፤ የለም ከዚህ በላይ።
ሞከረችው። ወጣች፣ ለቀቀች፣ ተመለሰች።
ባዶ እጇን አየችው፤ ደግማ ሞከረች።

«የተበላሹትን ላጥፋልሽ?» ስላት፣ አንዱን አስቀረች፣
ከደሴቷ እስከ ወደቡ የተሰነጠቀውን፤ «ይሄ ይቅር» አለች።
በእንጨቱ መስኮት፣ በእውነተኛው፣ በጣቷ አሳየችኝ፦
በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ፣ ልክ በዚያው መስመር፣
አንዲት መኪና መብራቷን አብርታ ትሄድ ነበር።
«እስከ ሚያዝያ መንገድ ነው» አለች።
ሁለታችንም በዐይን ተከተልናት፣
የመስኮቱ ጠርዝ እስኪወስዳት።
የት እንደ ቆመች
አላየንም።